ዕረፍት የማይፈውሰው ድካም

ሠርቶ መድከም የሰው ሁሉ ዕጣ ነው፤ ተኝቶ ሲነሣም ይለቀዋል። ነገር ግን እንቅልፍ የማያሳርፈው፥ ጥቂት በሠሩ ማግስት በርትቶ የሚጥል፥ አሳብንም የሚያደክም ሌላ ድካም አለ፤ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ይሉታል። በደም ምርመራ የሚለይበት መንገድ ስላልተገኘ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ሰነፍ እየተባሉ ይነቀፋሉ። እኛ ግን ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ ግፍ ነው እንላለን፤ በዚህ ሕመም ዋናው ምስክር የበሽተኛው ቃል ነውና።

ለዚህም የእንግሊዝ አገር ነገር ያስተምራል። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2007 የወጣው የሕክምና መምሪያ ሕመሙ ላልጠናበት ሰው እንቅስቃሴን ደረጃ በደረጃ መጨመርን ይመክር ነበር። ብዙዎች ሕመምተኞች ግን «ባሰብን» ብለው አመለከቱ። በ2021 የታደሰው መምሪያ ያን ምክር ሻረ፤ በፈንታውም ሕመምተኛው ከኃይሉ ልክ ሳያልፍ ሥራንና ዕረፍትን እንዲያመዛዝን መከረ። የቤተ ሰብ ሐኪምም በአዋቂ ሰው ላይ ምልክቶቹ 6 ሳምንት ሲቆዩ እንዲጠረጥር፥ ሌላ ምክንያት ካልተገኘም በ3 ወር ሕመሙን እንዲያረጋግጡ ወደ ልዩ ሐኪሞች እንዲልክ፥ መምጣት ያልቻለውን በስልክ ወይም ቤቱ ሄዶ እንዲጠይቅ አሳሰበ።

እንግዲህ በቤታችን እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር «ተነሥ፥ በርታ» እያልን አናስጨንቀው፤ ይልቁንም ሐኪም ዘንድ አብረነው ሄደን ያየነውን እንመስክርለት።