አሮጌውን መቃብር ያቀፈው የአትክልት ስፍራ

በሰሜን ጣሊያን፣ በትሬቪዞ አውራጃ፣ ሳን ቪቶ ዳልቲቮሌ የምትባል የገጠር መንደር አለች። መካነ መቃብሯ በአካባቢው እንደሚታዩት ሁሉ በግንብ የታጠረና የቤተሰብ መቃብሮች የተደረደሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የመንደሯ ተወላጅና የብሪዮንቬጋ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ፋብሪካ መሥራች ጁሴፔ ብሪዮን አረፉ። ባለቤታቸው ኦኖሪና የመታሰቢያውን ሥራ ለቬኒሱ አርክቴክት ለካርሎ ስካርፓ ሰጡ።

ሀብታም ቤተሰብ ረጅም ሐውልት ቢያቆም ማንም አይገረምም። ስካርፓ ግን ከቁመት ይልቅ ስፋትን መረጠ። የመንደሩን መቃብር ሳይነካ፣ 2,200 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆነውን አዲስ ቦታ በሁለት ጎኑ አዞረበት። ዋናውን መግቢያም በዚያው በአሮጌው መቃብር በኩል አደረገው፤ ወደ ብሪዮኖች የሚሄድ ሰው አስቀድሞ በመንደሩ ገበሬዎች መቃብሮች መካከል ያልፋል። ከሥራው ሁሉ ብልህ የሆነው ውሳኔ ይህ ነው።

ደረጃውን የወጣ እንግዳ ሁለት የተጠላለፉ ትላልቅ ክቦች ግድግዳው ላይ ተከፍተው ያያል፤ የአንዱ ዙሪያ ሮዝ፣ የሌላው ሰማያዊ ነው። በቀኝ በኩል ኩሬና ከውሃው በላይ የቆመ ድንኳን መሰል መጠለያ አለ። ወደዚያ የሚያስገባው የመስታወት በር የሚከፈተው ወደ ታች ሲጫኑት ነው፤ ወለሉ ውስጥ ይሰምጥና፣ ከግድግዳው ውጪ ባሉ መዘውሮችና ክብደቶች ተስቦ ይመለሳል።

በግራ በኩል ሣር የለበሰ መስክ አለ። ስካርፓ የውስጡን መሬት ከውጪው ከፍ አድርጎ ግንቡን ወደ ውስጥ ስላዘነበለው፣ ከውስጥ ሆኖ እርሻውንና ኮረብታውን ማየት ይቻላል፤ ከውጪ ግን ወደ ውስጥ አይታይም። መስኩ ጥግ ላይ፣ በዝቅተኛ የአርማታ ቅስት ሥር፣ የባልና ሚስቱ መቃብሮች እርስ በርስ ዘመም ብለዋል። በሕይወት የተዋደዱ ሰዎች ከሞት በኋላም ጎንበስ ብለው ሰላም ይባባሉ ብሎ ነው የነደፋቸው። በረጃጅም ጥዶች አጠገብ ያለውን የጸሎት ቤት ደግሞ የመንደሩም ሰው ሙታኑን እንዲሸኝበት አሰበው።

ስካርፓ እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓን ውስጥ፣ ሴንዳይ ከተማ፣ ወድቆ ሞተ። የተቀበረው ግን እዚሁ፣ አሮጌውና አዲሱ መቃብር በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው።

እንደ ደረጃ የተሠራው የግንባታው የአርማታ ጠርዝ ዝናብ እየያዘ በድንጋይ ሽበት ስለተሸፈነ ሰፊ እድሳት አስፈልጎታል። ከእድሳቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ የብሪዮን ልጆች ቦታውን ቅርስ ለሚጠብቀው የጣሊያን ድርጅት ለፋይ አበረከቱ።