ያውቁ ኖሯል? መድኃኒትም ግራና ቀኝ አለው!

ብዙ የመድኃኒት ሞለኪውሎች እንደ ሁለቱ እጆችዎ መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው፤ ሲደራረቡ ግን አይገጥሙም! ክብደታቸው እኩል፣ የሚቀልጡበት ሙቀትም እኩል!

አፍንጫዎ ግን አይሸወድም! ካርቮን ከተባለው ሞለኪውል አንደኛው ናና ናና ይሸታል። የመስታወት ምስሉ ግን አውሮፓውያን ዳቦ ላይ የሚነሰንሱትን የካራዌይ ቅመም!

በየትምህርት ቤቱ ለቢልሃርዚያ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ግራና ቀኙን ሁለቱንም በአንድ ክኒን ይዟል። ትሉን የሚገድለው አንደኛው ብቻ ነው! ሌላኛው በዋናነት ክኒኑን መራራ ያደርገዋል!

ታዲያ ግራና ቀኙ እንዴት ይለያሉ? እ.ኤ.አ. በ1848 የ25 ዓመቱ ሉዊ ፓስተር የታርታሪክ አሲድ ጨው ክሪስታሎችን እያጎላ ተመለከተ። በወረንጦ አንድ በአንድ እየለቀመ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ አደረገ! በእጁ!

ዛሬስ? ካፒላሪ ኤሌክትሮፎሬሲስ የሚባል፣ ሞለኪውሎችን በቀጭን ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ እያስሮጠ የሚለይ ዘዴ አለ። የቱቦው ቀዳዳ 50 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል! በዚያ ላይ እስከ 30,000 ቮልት ይለቀቅበታል!

ይህ ሁሉ ቮልት ግን ብቻውን አይለያቸውም! ግራውና ቀኙ እኩል ሮጠው እኩል ይደርሳሉ። ጉድ የሚታየው ቱቦው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ ሳይክሎዴክስትሪን ሲጨመር ነው። የስኳር ቀለበት ነው፦ 6፣ 7 ወይም 8 ግሉኮሶች ክብ ሠርተው የተያያዙበት፣ መሐሉ ክፍት። ሞለኪውሉ እየሮጠ ገባ ይላል፣ ወጣ ይላል፣ ደግሞ ገባ! አንደኛው ቀለበቱ ይበልጥ ስለሚስማማው ቆየት ይላል። እኩል መሮጥ ቀረ! የመሣሪያው ስክሪን ላይ አንድ የነበረው ጉብታ ለሁለት ይከፈላል! በቤተ ሙከራ ከዚህ የሚያምር ነገር ማየት ይከብዳል።

ያ ቀለበት የሚሠራው ደግሞ ከስታርች ነው፤ በባክቴሪያ ኢንዛይም!

መድኃኒት መድኃኒትን እንደሚለይስ ያውቁ ኖሯል? ለጠና ኢንፌክሽን የሚሰጠው ቫንኮማይሲን በዚሁ ቱቦ ውስጥ የቀለበቱን ሥራ ይሠራል!

ለዚህ ሁሉ የሚበቃው ናሙና ጥቂት ናኖሊትር ነው። አንድ ናኖሊትር የሚሊ ሊትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው!

ሜታምፌታሚን ብርቱ ሱስ አስያዥ ዕፅ ነው። ግን አንደኛው ብቻ! የመስታወት ምስሉ በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ የአፍንጫ መክፈቻ ነው! ተራው የሽንት ምርመራ ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። ያ ቀጭን ቱቦ ግን የትኛው እንደሆነ ለይቶ ይነግርዎታል!