ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጥ የባህሪ ሕክምና፤ ከክሊኒክ እስከ ቤት

ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል ያላወጣ ሕፃን በከተማም በገጠርም አለ። አንዱ ጎረቤት “ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው” ይላል፤ ሌላው “ዓይነ ጥላ ነው” ይላል። ወላጆች በሁለቱ መካከል ሲዋልሉ ድጋፉ ይበልጥ የሚጠቅምበት የልጅነት ዕድሜ ያልፋል።

ኦቲዝም ከአዕምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ እክል ነው። ልጁ ሐሳቡን የሚገልጽበትን፣ ከሰው የሚግባባበትንና የሚጫወትበትን መንገድ ይለውጣል። አንዳንዱ ሕፃን ጭራሽ አይናገርም፤ ሌላው አጥርቶ ይናገራል፣ ነገር ግን ጨዋታ መቀጠል ይቸግረዋል። እጅን ማርገብገብ፣ ዕቃን ደጋግሞ መደርደር፣ የተለመደው ነገር ሲለወጥ እጅግ መረበሽም ይስተዋላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ገምቷል። በመነሻው ላይ የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ክትባትም ሆነ የወላጅ አስተዳደግ ኦቲዝምን አያመጣም።

ይሁን እንጂ በማኅበረሰቡ ዘንድ ያለው ግንዛቤ ቤተሰብን ይጎዳል። በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕፃናት የአዕምሮ ጤና ክሊኒኮች የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳክሙ 102 አሳዳጊዎች የተሳተፉበትና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንን በአኃዝ አሳይቷል። ከአሳዳጊዎቹ 45 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። 40 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ መንስኤው የመንፈስ ልክፍት ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። ከምንም በላይ ጎደለን ያሉት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ሲሆን፣ ይህንን ያነሱት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ናቸው።

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የአዕምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የየካቲት 12 ሆስፒታልም የሕፃናት የአዕምሮ ጤና ክሊኒክ አለው። ከመንግሥት ተቋማት ውጭ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት በሆኑት በወይዘሮ ዘሚ የኑስ አማካኝነት በ2002 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ፈር ቀዳጅ ነው። በወላጆች ጥረት የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ተከትሎታል።

ለመሆኑ በክሊኒክ የሚሰጠው የባህሪ ሕክምና ምንድን ነው? መርፌ ወይም ኪኒን አይደለም፤ ማስተማር ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይመረምራል፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ሆነ? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን ተከተለ? ለምሳሌ አንድ ሕፃን ውኃ ሲጠማው ራሱን ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭና እናቱም ደንግጣ ውኃ የምትሰጠው ከሆነ፣ ማጋጨቱ ውኃ መጠየቂያ ሆኗል ማለት ነው። በመሆኑም ሕክምናው ልጁን መቆጣት ሳይሆን የተሻለ መጠየቂያ ማስተማር ነው። ኩባያውን እንዲያመለክት፣ የኩባያ ሥዕል አንሥቶ እንዲሰጥ ወይም “ውኃ” እንዲል ይለማመዳል። እንዳደረገም ወዲያውኑ ውኃ ይሰጠዋል፣ ይመሰገናል።

ሁለተኛው ዘዴ አንድን ሥራ በትንንሽ እርምጃ መከፋፈል ነው። እጅ መታጠብ ለእኛ አንድ ሥራ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን እጅን ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሣት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅና ማድረቅ አምስት ትምህርቶች ናቸው። መጀመሪያ እጁን ይዘው ያግዙታል፤ ከዚያ በምልክት ብቻ ያሳዩታል፤ በመጨረሻም ለብቻው ይተዉታል።

ሕክምናው ገደብ አለው። ኦቲዝምን አያጠፋም፤ ዓላማውም ልጁን ከሌሎች ጋር አንድ ዓይነት ማድረግ አይደለም። በቀደሙት ዘመናት በውጭው ዓለም ቅጣት የታከለበት አሠራር ነበር፤ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ካደጉ በኋላ አጥብቀው ነቅፈውታል። በመሆኑም ልጅን የሚመታ፣ የሚያስር ወይም “ሙሉ በሙሉ አድናለሁ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥም መራቅ ይገባል።

ባለሙያው ጥቂት፣ መንገዱም ሩቅ በሆነበት አገር ልጅን በየቀኑ ክሊኒክ ማመላለስ ለአብዛኛው ቤተሰብ አይቻልም። ስለዚህ ወላጅን ማሠልጠን ዋነኛው መፍትሔ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆችን ለሚያሳድጉ ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ትምህርቶችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። ሥልጠናው ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ዋናው መልእክቱ ልጁን ከቤተሰቡ የዕለት ሥራ አለመነጠል ነው። እህል ሲለቀም፣ ቡና ሲፈላ፣ ዶሮ ሲመገብ ልጁ የድርሻውን ትንሽ ሥራ ይሥራ፤ አጭር ቃል እየተነገረው፣ ከዓይኑ ትይዩ ዝቅ ተብሎ እየታየ ይማራል።

ልጁ በአንድ ዓመቱ ለስሙ ምላሽ ካልሰጠ፣ በአንድ ዓመት ተኩል የሚፈልገውን ካላመለከተ፣ ወይም የጀመረውን ቃል ከተወ ወላጅ መጠበቅ የለበትም። አርሶ አደሮች በቅድሚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማማከር ይችላሉ። ከዚያም ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። የመስማት ምርመራም አብሮ ሊደረግ ይገባል፤ የማይሰማ ልጅም እንዲሁ ለስሙ ምላሽ አይሰጥምና።

ጸሎትና ጠበል ለብዙ ቤተሰብ መጽናኛ ናቸው፤ ከሕክምናም ጋር አይጣሉም። ጉዳት የሚመጣው ልጁ ከጎረቤት ዓይን ተሰውሮ ጓዳ ሲቀመጥ ነው፤ የሚያየው ሰውና የሚሰማው ቃል ያጣ ልጅ መግባባትን ከማን ይማራል? በተጠቀሰው ጥናት 86 በመቶ የሚሆኑት አሳዳጊዎች ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገራቸው ችግሩን ለመቋቋም እንደረዳቸው ተናግረዋል። ለልጁም ሆነ ለወላጁ የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ነው፤ ሳይደብቁ መነጋገር።