የአያት ሪሞትና የልጅ ልጅ ገመድ

ሪሞት ሲጠፋ ወይም አልሠራ ሲል በየቤታችሁ ማን እንደሚቸገር ልብ በሉ። ወጣቱ ስልኩን ያወጣል፤ ሕፃኑ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ይነካካል። ቁጭ ብለው የሚቀሩት ጉልበታቸው የደከመ፣ ዓይናቸው ሞራ የጋረደው ወይም ጣታቸው አልታዘዝ ያላቸው አያት ናቸው። በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ይህን ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር አላየውም። በሽተኛ ሰው ውኃውን ራሱ ሲቀዳ፣ መስኮቱን ራሱ ሲከፍት ፊቱ ይፈታል። ቴሌቪዥንም እንደዚያው ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጣቢያው አንድ ስለነበር የሚቀያየር ነገር አልነበረም። ዛሬ ቡሬ ውስጥ ዲሽ ያለው ቤት ሁለት ሪሞት አያጣም፤ አንዱ የቴሌቪዥኑ፣ አንዱ የሪሲቨሩ። የአገር ቤት ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ ማለትም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለችው ሳተላይት ሲዛወሩ፣ ሳህን ማዞርና ጣቢያ እንደገና መፈለግ ግድ ሆኖ ነበር። የብዙዎቹ ሪሲቨሮች የፊት ቁልፍ ጣቢያ ከመቀየርና ከማብራት ብዙም አያልፍም። ሪሞቱ ከጠፋ ወይም ጎማው ካለቀ ደህናው ሪሲቨር እንደተበላሸ ይቆጠራል።

አሠራሩ ግን ሲያዩት የሚያስፈራ አይደለም። ሪሞት ዓይናችን በማያየው ብርሃን ይናገራል። በአብዛኛዎቹ ሪሞቶች ይህ ብርሃን በሴኮንድ 38,000 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፤ በመካከሉ ያለው አጭርና ረጅም ዝምታ ደግሞ ቁጥር ይሆናል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የመሣሪያው ቁጥር፣ ቀጥሎ የቁልፉ ቁጥር ይላካል። ሰውን በስሙ ጠርቶ እንደማዘዝ ነው፤ ስሙ ያልተጠራ መሣሪያ ዞር ብሎ አያይም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሪሲቨሩን የማያዘው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምርመራ ይቅደም። አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስገቡ፤ የድንጋዩ መንከሻ ዝጎ እንደሆነ ጥረጉት። ከዚያ የስልክ ካሜራ ከፍታችሁ የሪሞቱን አፍ ወደ ካሜራው አዙሩና አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ነጭ ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ ይልካል፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የአንዳንድ ስልክ የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን ስለሚከለክል በፊት ለፊቱ ካሜራም ሞክሩ። አንዱ ቁልፍ ብልጭ እያደረገ ሌላው ዝም ካለ የደከመው የቁልፉ ጎማ ነው።

በእኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነው። ባለቤቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ይደክማል፤ በግራ እጃቸው ትንንሾቹን ቁልፎች ሲፈልጉ የማይፈልጉትን ይነኩና ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። የሪሲቨሩ ሪሞት ደግሞ ግማሹ ቁልፍ ሞቶ ነበር። አሜሪካ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ለበዓል ስትመጣ ቁልፎቹ ሰፋፊ የሆኑ፣ ዋን ፎር ኦል የሚባል ሁሉን አቀፍ ሪሞት ይዛ መጣች። ቴሌቪዥኑን በመመሪያው ባለው ኮድ ወዲያው አዘዘ። የእኛ ሪሲቨር ግን በመመሪያው ላይ ስሙም የለ።

አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጄ የባትሪውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ሲያይ ስድስት ጥቃቅን ፒኖች አገኘ። «እማማ፣ ይኼ እኮ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። የዚህ ዓይነት ሪሞቶች ሰሌዳ ላይ መሰኪያው «ጄፒ1» ተብሎ ስለሚጻፍ ነገሩም በዚሁ ስም ይታወቃል። ሪሞትማስተር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሪሞቱን ማስታወሻ አንብቦ አስተካክሎ መልሶ ይጽፍበታል። የጎደለው አገናኝ ገመድ ብቻ ነው።

የገመዱ ዋና ክፍል የኮምፒውተሩን ዩኤስቢ ወደ ተራ የሲሪያል መስመር የሚለውጥ፣ ፍላሽ የሚያህል ትንሽ ሰሌዳ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ በአነስተኛ ዋጋ ያቀርቡታል፤ እኛ ከአዲስ አበባ አስመጣነው። ሲገዛ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ በ3.3 ቮልት የሚሠራ መሆን አለበት፤ ሪሞቱ የሚንቀሳቀሰው በሁለት ድንጋይ፣ በ3 ቮልት ገደማ ነውና። ሁለተኛ፣ «ዲቲአር» የሚባለው መስመር ወደ ውጭ የወጣለት ይሁን፤ ኮምፒውተሩ ሪሞቱን የሚቀሰቅሰው በእሱ በኩል ነው።

ከሰሌዳው ወደ ሪሞቱ የሚሄዱት ሽቦዎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው የጋራ መመለሻ ነው፤ በቴስተር ሲለካ ከድንጋዩ ኔጌቲቭ ጋር የሚገናኘው ፒን እሱ ነው። ሁለተኛው የሚናገር፣ ሦስተኛው የሚሰማ ነው፤ የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር ተሻግሮ ይገጠማል። አራተኛው የመቀስቀሻው ነው። የሰሌዳው የ5 ቮልት መስመር ጨርሶ አይነካም፤ ሪሞቱ ኃይሉን ከራሱ ድንጋይ ያገኛል። የትኛው ፒን ምን እንደሆነ ሳይረጋገጥ በግምት አይሰካም። ስድስት ፒን ያለው ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለምና፤ በቀደሙት ሪሞቶች ፒኖቹ የሚያገናኙት ከማስታወሻው ቺፕ ጋር ስለሆነ ይህ ገመድ አያነባቸውም።

የዲሽ ባለሙያዎቻችን የሪሲቨር ሶፍትዌር የሚጭኑበት ባለ ዘጠኝ ፒን ገመድ አላቸው። እሱም ሲሪያል ይባላል፤ ግን ሌላ ነው። ቮልቴጁ ከ12 በላይ ሊደርስ፣ ከዜሮ በታችም ሊወርድ ስለሚችል ሪሞቱን ያቃጥለዋል። ስሙ ስለተመሳሰለ መድኃኒቱ አንድ ነው እንደማይባል ሁሉ ገመዱም እንደዚያው ነው።

ልጁ ሽቦውን ሲገጥም የቤታችን ሕግ አንድ ነበር፤ አዲስ ነገር ከመጻፉ በፊት በሪሞቱ ውስጥ ያለውን አንብቦ ማስቀመጥ። ሐኪም ከማከሙ በፊት የበሽተኛውን ካርድ እንደሚያየው መሆኑ ነው። ከዚያ ከጎረቤት ተመሳሳይ ሪሞት ተዋስን። ሁለቱን ሪሞቶች ፊት ለፊት አድርጎ ጥቂት ቁልፎችን አስተማረው። ፕሮግራሙ የተማረውን ሲያነብ የሪሲቨሩን ቁጥርና የየቁልፉን ቁጥር ለይቶ አሳየው፤ በዚያ መሠረት የቀሩትን በቁጥር ሞላ። የጎረቤታችንን ሪሞት በማግስቱ መለስን።

ትልቁ ሥራ ግን ከዚህ በኋላ ነበር፤ አያቱን መጠየቅ። «አባባ፣ የትኞቹን ጣቢያዎች ነው የሚያዩት?» አላቸው። አራት ነገሩት። አራት ሰፋፊ ቁልፎች መረጠና እያንዳንዱ አንዴ ሲጫን የጣቢያውን ሙሉ ቁጥር እንዲልክ አደረገ። ስክሪኑን ሰማያዊ የሚያደርገውንና ወደ ሜኑ የሚያስገባውን ቁልፍ ባዶ አደረጋቸው። ሁለቱንም መሣሪያ በአንድ ቁልፍ ማብራት አስቦ ነበር፤ ግን ተወው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሪሲቨሩ በራሱ ይበራል፤ ቴሌቪዥኑ ተኝቶ ይቀራል። ያን ጊዜ አንዱ ቁልፍ አንዱን ሲያበራ ሌላውን ያጠፋል። ሁለት የማብሪያ ቁልፍ ቀረ፤ አንዱ ላይ ቀይ፣ አንዱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍን። አሁን ባለቤቴ ማንንም ሳይጠሩ ዜናቸውን ይከፍታሉ። አንዳንዴም ድምፁን ከልክ በላይ ከፍ ያደርጉብናል፤ ይሁን ብለናል።

ይህን የምጽፈው ወላጆች ሁሉ ገመድ እንዲያሠሩ አይደለም። ዋናው ሪሞት በደህና የሚሠራ ከሆነና አዲሱ ሪሞት መማር የሚችል ከሆነ ያለ ገመድም ይበቃል። አንዳንድ ስልኮችም የሪሞት ብርሃን መላኪያ አላቸው። ነገር ግን ልጅ ዕቃ ሲፈታታ «ታበላሸዋለህ!» ብቻ ከማለት፣ አደገኛውንና አደገኛ ያልሆነውን ለይቶ ማስያዝ ይሻላል። በሁለት ድንጋይ የሚሠራ ዕቃ መማሪያ ይሆናል። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ግን ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ኃይል ሊያቆይ ስለሚችል ለባለሙያ ይተው። መበየድ ካስፈለገ መስኮት ይከፈት፤ የሚቀልጠው ሽቦ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ሊኖረው ስለሚችል ሥራው እንዳለቀ፣ ምግብ ሳይነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሕፃናትም ከቦታው ይራቁ።

ከሁሉም በላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላቸውን ክብ ባትሪዎች ተጠንቀቁ። በቀጫጭን ሪሞቶች ውስጥ ይገኛሉ። ሕፃን ከዋጠውና ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። አሮጌ ነው፣ አልቋል ብላችሁ አትናቁት። ልጁ እንዲያስታውክ አታድርጉ፤ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ባትሪ መዋጡንም በግልጽ ተናገሩ። ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ ማር በቅርብ ካለ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ቢበዛ እስከ 6 ጊዜ በመንገድ ላይ ይሰጠዋል። ማር ፍለጋ ግን ጉዞውን አታዘግዩ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። የየሪሞቱን የድንጋይ ክዳን ፈትሹ፤ የላላ ካለ በፕላስተር እሰሩት። ቀጥሎም አያትን፣ «የትኛው ቁልፍ ነው የሚያስቸግርዎት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ስትሰሙ የልጅ ልጁም አጠገባችሁ ይቀመጥ።