ደብረ ታቦር ላይ የቤት ዋጋ አልወረደም ይባላል። ታዲያ ለምን አይሸጥም?

«የሚሸጥ ቤት፣ 200 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ውሃና መብራት የገባለት።» እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ታያላችሁ። ከወራት በኋላ ያው ፎቶ፣ ያው ዋጋ፣ ያው ስልክ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን ወይም ነፋስ መውጫ ቤት ለመሸጥ የሞከረ ዘመድ ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ደላላው ሰው ይዞ ይመጣል፣ ሰውየው ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋል፣ «ተመካክረን እንደውላለን» ይላል። አይደውልም።

ባለቤቱን ዋጋ ቀንስ ብትሉት ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «የቤት ዋጋ መቼ ወረደና!»

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው። ገዢ ከጠፋ ዋጋ መውረድ ነበረበት። የጉና አካባቢ ገበሬ ድንቹን ገበያ አውጥቶ ገዢ ካጣ፣ ከሰዓት በኋላ ዋጋ ይቀንሳል፤ ጭኖ መመለሱ ይከፋል። ቤት ግን አይበሰብስም። ባለቤቱ «እስቲ ይቆይ» ይላል። ጎረቤቱም እንደዛው። ሁሉም ሲጠብቅ ገበያው ይተኛል፣ ዋጋው ግን አፍ ላይ እንደቆመ ይቀራል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ እኛ የምንሰማው የተጠራውን ዋጋ እንጂ የተሸጠበትን ዋጋ አይደለም። የተሸጠበት ዋጋ የትም አይለጠፍም። ውል ላይ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ ግብር ለማሳነስ ተብሎ ዝቅ ይላል። ስለዚህ «እገሌ ቤቱን 4 ሚሊዮን አለው» የሚለው ወሬ ሰፈሩን ይዞራል፣ ሌላውም ከዚያ ተነስቶ የራሱን 4 ሚሊዮን ይላል። ያልተሸጠ ቤት ለሌላ ያልተሸጠ ቤት ዋጋ ይተምናል ማለት ነው።

ግን ዋጋው በእርግጥ አልወረደም? እስቲ እናስላው። ቤቱ የዛሬ ሁለት ዓመት በ3 ሚሊዮን ብር ወጣ እንበል፤ ዛሬም 3 ሚሊዮን ነው የሚባለው። በመሀል የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር (ከዚህ በጣም የባሰበት ዓመትም አሳልፈናል)፣ የዛሬው 3 ሚሊዮን ያኔ 2 ሚሊዮን 270 ሺህ ገደማ የሚገዛውን ብቻ ነው የሚገዛው። ባለቤቱ አንድ ብር አልቀነስኩም እያለ ሩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ቀንሷል። የቀነሰለት ኑሮ ውድነቱ ነው፣ ለዚያውም ሳያስፈቅደው።

በዶላር ስታዩት ይብሳል። ብር በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22/2016 ነው። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ 3 ሚሊዮን ብር ደግሞ ከ52 ሺህ ዶላር በላይ። ዶላር 100 ብርን ሲያልፍ ያው 3 ሚሊዮን ከ30 ሺህ ዶላር በታች ሆነ። በጥቁር ገበያ ሲመነዝር ለነበረ ሰው ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም፣ እዚያ ዶላሩ ቀድሞም ተሰቅሎ ነበር።

ታዲያ ረከሰ ከተባለ፣ ውጭ ያለው ዘመድ ለምን አይገዛም?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነሐሴ 2013 በሰሜኑ ጦርነት ደብረ ታቦር ራሷ በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ሐምሌ 28/2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ውጊያው ከተሞች ውስጥ ገባ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ ሰው ቤት የሚገዛው በፎቶ፣ በቪዲዮ፣ በወንድም ምስክርነት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ የባሕር ዳር መንገድ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ሲሆን፣ ማን ብር ይልካል? ቢልክም አዲስ አበባ ይመርጣል። ይሄ የሀገር ፍቅር ማነስ አይደለም፣ ብሩን ለማግኘት ስንት ሌሊት እንደሠራበት የሚያውቀው እሱ ነው።

ሌላው ገዢም ተመናምኗል። ነጋዴው ብሩን ዕቃ ላይ አስሮታል። የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ያበለጸገው ገበሬ ድሮ ወረታ ላይ ቤት መግዛት ይወድ ነበር፤ አሁን ግን ምርቱን በሰላም ገበያ ማድረሱ ራሱ ሐሳብ ሆኖበታል። መምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዛቸው ወር አላደርስ ብሏቸዋል፣ በእቁብ ቢጠራቀም እንኳ ሚሊዮን ሩቅ ነው። ከባንክስ? ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ ባንኮች በዓመት የሚያሳድጉትን ብድር በ14 በመቶ ገደበው፣ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ባንክ የሚያበድረው ሲያንስ ቀድሞ የሚቀረው ለተራ ሰው የሚሰጠው የቤት ብድር ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቤት የሚገዛው ካሽ የያዘ ሰው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ካሽ የያዘ ደግሞ አይቸኩልም።

ሻጩም የማይቸኩልበት የራሱ ምክንያት አለው። አሜሪካ በ2008 በፈረንጆቹ የቤት ዋጋ የተንኮታኮተው ሰዎች ቤቱን በባንክ ዕዳ ይዘውት ስለነበር ነው። መክፈል ሲያቅታቸው ባንኩ ወስዶ በተገኘው ዋጋ ሸጠው። የደብረ ታቦር ቤት ግን በአብዛኛው የማንም ዕዳ የለበትም። ዘንድሮ መሠረት፣ ለከርሞ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ሰርቪስ እየተባለ በዓመታት የተሠራ ነው። ሽጠው ብሎ የሚያስገድድ ባንክ የለም። ደግሞስ ሸጦ ብሩን የት ያኖረዋል? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ወደ 7 በመቶ ሲያሳድግ ትልቅ ዜና ነበር። 7 በመቶ ወለድ ይዞ 15 እና 30 በመቶ ዋጋ ንረት ውስጥ መግባት እያዩ መክሰር ነው። አባቶቻችን «ቤት አይከዳም» ቢሉ አትፍረዱባቸው፣ ሒሳቡ ከእነሱ ጋር ነው።

ሌላም የሚሉት አላቸው፤ «በዚህ ዋጋ ዛሬ ይሄን ቤት ሥራ ብትባል አትሠራውም።» እውነት ነው። ሲሚንቶውን፣ ፌሮውን፣ የብሎኬቱን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ችግሩ ገዢው የሚከፍለው ቤቱ የፈጀውን ሳይሆን ኪሱ የቻለውን መሆኑ ነው። የወጪ ሒሳብና የኪስ ሒሳብ ሲራራቁ ቤቱ ማስታወቂያው ላይ ይቀራል።

አንድ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ። ጎንደር ምድር ርስት ማለት ከአያት የሚቆጠር ነው፤ ለባዕድ መሸጥ እንደ ነውር የሚታይበት ዘመን ረጅም ነበር። ሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬት የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ዛሬም ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በሕግ የሚሸጠው ቤቱ ነው፣ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ግን በአብዛኛው ለቦታው። አሮጌ የጭቃ ቤት አስፋልት ዳር ስለሆነ ብቻ ከዳገቱ ላይ ካለው አዲስ ብሎኬት ቤት በላይ ሲጠራ ያያችሁት ለዚህ ነው።

ይሄ ልዩነት ስም ማዛወሩ ላይ መጥቶ ይጋጫል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው ይላል። ማለትም ገዢው ለሻጩ ከከፈለ በኋላ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሊዝ ውል ይጠብቀዋል። ብዙ ገዢ ይሄን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሲሰማም ወይ ዋጋ ይቆርጣል ወይ ይጠፋል። «ተመካክረን እንደውላለን» ካሉት ስንቱ እዚህ ላይ እንደቀረ ደላሎች ይንገሯችሁ። በዚያ ላይ በአዋጅ 110/1990 መሠረት 2 በመቶ ሆኖ የቆየው የቴምብር ቀረጥ አለ፤ የስም ማዛወሪያ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ በአዋጅ 979/2008 ከሕንፃ ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ የተጣለው 15 በመቶ ግብር አለ። የትኛው እናንተን እንደሚነካ ገቢዎችና ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መጠየቅ ዋጋ ከመጥራት በፊት ነው። «ሁሉም ወጪ በገዢ» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው፣ ገዢው ግን ደምሮ ነው የሚመጣው።

እስካሁን ያወራነው መጠበቅ ስለሚችል ሻጭ ነው። የማይችልስ? ኩላሊት የታመመ አባት ያለው፣ ወፍጮው የቆመበት፣ ልጅ ሊያሳክም አዲስ አበባ የከረመ፣ ከተማውን ለቆ ሊወጣ የወሰነ። እሱ ይሸጣል። የሚሸጠው ግን ከተጠራው በጣም ባነሰ ነው፣ ገዢውም አንድ ሁለት ካሽ የያዘ ሰው ነው፣ ዋጋውም በሹክሹክታ ያልቃል። በእኔ ግምት እውነተኛው የገበያ ዋጋ ያለው እዚህ አካባቢ ነው። ማንም ግን አይነግራችሁም፤ ሻጩ ያፍራል፣ ገዢው ደግሞ ሰፈሩ እንዲሰማበት አይፈልግም።

ስለዚህ የቤተሰባችሁን ቤት ፎቶ አንስታችሁ የምትለጥፉት እናንተ ከሆናችሁ (ብዙ ጊዜ እናንተው ናችሁ)፣ ደላላውን «ስንት ይጠራል?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ባለፉት ስድስት ወራት እዚህ ሰፈር የትኛው ቤት ስም ዞረለት? ስንት ተከፈለበት?» በሉት። ሁለት ሦስት ደላላ ጠይቁ፣ መልሱን አስተያዩ። አንድም የዞረ ከሌለ እሱም መልስ ነው። ለወላጆቻችሁም ዋጋውን በብር ብቻ አታስረዱ፤ «ቤቱ ሲወጣ 3 ሚሊዮን ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር? ዛሬስ?» ብላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ያኔ መጠበቅ በነፃ አለመሆኑ ይታያል። ቁጥሩን አይቶ «አይ፣ እናከራየው» ማለትም ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ኪራዩ ቢያንስ ከኑሮው ጋር አብሮ ሊጨምር ይችላል።

ለመሸጥ ከተወሰነ ግን ወረቀቱ ይቅደም። ገዢ በጠፋበት ጊዜ የመጣውን አንድ ገዢ በሰነድ ምክንያት ማጣት ያሳዝናል። ካርታው በአያት ስም ከሆነ ወራሽነቱ በፍርድ ቤት ይረጋገጥ፣ ወራሾች በሙሉ ይስማሙ። አንዷ እህት ቤይሩት ብትሆንም ፊርማዋ ወይም ውክልናዋ ያስፈልጋል። ውክልናውም «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል፣ «ቤት እንዲሸጥ» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርሙ።

ቀብድ ስትቀበሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በሕጉ ቀብድ የሰጠው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 200 ሺህ ተቀብላችሁ በሳምንቱ የተሻለ ገዢ መጣ ብላችሁ ብትመለሱ 400 ሺህ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የመንደር ሽማግሌ ፊት ብቻ ሳይሆን ውል ለማረጋገጥ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይፈረም። ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ስንት ቤተሰብ ሰበር ችሎት ድረስ እንዳመላለሰ ጠበቆች ያውቁታል።

ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፉም እንደዚሁ ነው። 3 ሚሊዮን ተስማምታችሁ ውሉ ላይ 800 ሺህ ከጻፋችሁ፣ ነገ ገዢው ቀሪውን ቢክድ ፍርድ ቤት የሚያየው 800 ሺውን ነው።

አሁን አሁን «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በዓመቱ» የሚል ገዢ በዝቷል፣ ቤት በመኪና ልለውጥ የሚልም አለ። ሁለቱም ክፉ አይደሉም። ግን በዓመቱ የሚመጣው 1 ሚሊዮን ተኩል የዛሬው 1 ሚሊዮን ተኩል አይሆንም፤ ስለዚህ ወይ ቀሪው ጭማሪ ይኑረው፣ ወይ ቀሪው ሳይከፈል ስም አይዙር። መኪናውን ደግሞ ሊብሬውን አይታችሁ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመንገድ ትራንስፖርት አረጋግጣችሁ፣ በመካኒክ አስፈትሻችሁ ነው። የገዢው ወንድም የሆነ መካኒክ አይቆጠርም።