የ«ቼክ» ዘር ማንዘር

«ቼክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አማርኛ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ባንክ ቤት የገንዘብ ማዘዣ ወረቀት ነው፤ ሥራ ቦታ «ቼክ አድርግልኝ» ሲባል ማጣራት ነው፤ መንገደኛው አየር ማረፊያ ደርሶ «ቼክ ኢን» ያደርጋል። በትውልድ ቋንቋው ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። መግታት ማለት ነው፤ መቆጣጠር ማለት ነው፤ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ የጨርቅ ንድፍም በዚሁ ስም ይጠራል። አሜሪካኖች የምግብ ቤት ሒሳብ ሲጠይቁ «ቼክ» ይላሉ፤ መምህር በትክክለኛ መልስ ጎን የሚያደርገውን ምልክትም እንዲሁ። በበረዶ ሆኪ ተጋጣሚን በአካል ገፍቶ ማስቆም ቼክ ነው። መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ቁጥር እየሰጠ ይደረድረዋል። ቁጥሮቹ ግን ትልቁን ነገር ይሸፍኑታል፤ ትርጉሞቹ በሙሉ የፈለቁት ከአንድ ጨዋታ፣ ከቼዝ ነው።

ጨዋታው በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ በሕንድ «ቻቱራንጋ» ይባል ነበር። ስሙ አራቱን የጦር ክፍሎች፣ ማለትም እግረኛውን፣ ፈረሰኛውን፣ ዝሆኑንና ሠረገላውን ያመለክታል። ፋርሶች ተቀብለው «ቻትራንግ» አሉት፤ ዐረቦች «ሸጥረንጅ»። ፋርሳዊው ተጫዋች የባላጋራውን ንጉሥ ሲያጠቃ «ሻህ!» ይላል፤ «ንጉሥህን ጠብቅ» እንደማለት። ይህ ጥሪ ከዐረቦች ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኤሼክ» ሆነ፤ ከዚያም በእንግሊዞች አፍ «ቼክ»። የጨዋታው የእንግሊዝኛ ስም፣ «ቼዝ»፣ ራሱ የ«ኤሼክ» ብዙ ቁጥር ነው። ጨዋታው የሚያልቅበት ቼክሜት ደግሞ «ሻህ ማት» ነው። «ማት»ን ብዙዎች ከዐረብኛው «ሞተ» ያመጡታል፤ ለአማርኛ ተናጋሪም ጆሮ የሚገባ ማብራሪያ ነው። ከፋርስኛ የሚያወርዱት ግን «ንጉሡ መላ አጣ» ይሉታል። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ፤ በቼዝ ንጉሥ መውጫ ያጣል እንጂ ተገድሎ ከሰሌዳው አይነሣም።

ንጉሡ የተጠቃበት ተጫዋች ያሰበውን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ ለዚያ መልስ መስጠት አለበት። በ14ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝኛ «ቼክ» መግታት፣ ልጓም ማስገባት የሚል ትርጉም ያገኘው ከዚህ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ በ1748 ባሳተመው የሕግ ፍልስፍና፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎችም በ1787 ሥልጣን በሥልጣን እንዲገታ ሲሹ፣ በእንግሊዝኛ የዚህ ሐሳብ መጠሪያ የሆነው ይኸው የቼዝ ቃል ነው። ከመግታት መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠርም ማመሳከርና ማጣራት ተወለዱ። የሐኪም ምርመራ፣ የመንገድ ኬላ፣ የኮምፒዩተር የፊደል ማረሚያ ሁሉ የዚህ ቅርንጫፍ ፍሬዎች ናቸው።

ሌላው ቅርንጫፍ ከሰሌዳው የወጣ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀውም እሱ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ነገሥታት የግብር ሒሳብ የሚተሳሰበው በአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሹም ሪቻርድ ፊትዝኒል በ1170ዎቹ መጨረሻ መጻፍ በጀመረው መጽሐፍ እንደሚነግረን፣ ጠረጴዛው ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 5 ጫማ ያህል ሲሆን መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል። ፔኒው፣ ሺልንጉና ፓውንዱ በየዓምዳቸው በመቁጠሪያ ጠጠር ይቀመጣሉ። በአንድ ወገን የንጉሡ ሰዎች፣ በሌላው ወገን ሒሳብ ሊያስረክብ የመጣው የአውራጃ ሹም ይቀመጣል፤ ተመልካች ቼዝ የሚጫወቱ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በቼዝ ሰሌዳ ስም «ኤክስቼከር» ተባለ። የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ዛሬም የማዕረግ ስሙ የኤክስቼከር ቻንስለር ነው። ግብር መከፈሉ የሚረጋገጠው ደግሞ ጥርስ ተቆርጦለት ለሁለት በሚሰነጠቅ እንጨት ነበር፤ ሁለቱ ግማሾች ካልገጠሙ ማጭበርበር አለ ማለት ነው። ይህ አሠራር ከቀረ በኋላ በ1834 የተከማቸውን እንጨት ለማስወገድ በምድጃ ሲያቃጥሉ እሳቱ ተዛምቶ የለንደንን ፓርላማ አወደመ።

የዚህ ቅርንጫፍ ወንድም በአገራችንም አለ። «ሸጥረንጅ» ወደ እኛ መጥቶ «ሰንጠረዥ» ሆኗል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን የዚህ ጨዋታ አፍቃሪ ሆነው አግኝቷቸዋል። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ አለው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈቀዳቸው ያንቀሳቅሳሉ። መጫወቻው ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር የተሰፋበት ቀይ ጨርቅ ነበር። ዛሬ ጨዋታውን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው፤ ቃሉ ግን ቁጥር በረድፍና በዓምድ የሚሰፍርበት ማሳያ መጠሪያ ሆኖ በየመማሪያ መጽሐፉና በየሪፖርቱ ይኖራል። እንግሊዝኛ ከቼዝ ሰሌዳ ወደ ሒሳብ ጠረጴዛ የሄደበትን መንገድ አማርኛም በራሱ ጉልበት ሄዶበታል።

የባንኩ ቼክ ግን አከራካሪ ነው። ብዙ ሰው ቃሉን ከዐረብኛው «ሰክ» ያወርደዋል። በርግጥ «ሰክ» የታወቀ የክፍያ ሰነድ ነበር፤ ተጓዡ ኢብን ሐውቀል በ10ኛው መቶ ዓመት በሰሐራ ንግድ ላይ የ42,000 ዲናር ሰነድ እንዳየ ጽፏል። የቃሉ መዝገብ ግን ወደ ሌላ ያመለክታል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ «ቼክ» የተባለው ማዘዣው ራሱ አልነበረም፤ በጥራዙ ላይ የሚቀረው ቀሪ ነበር፤ ሐሰተኛ ሰነድ ሲመጣ የሚመሳከርበት። ስሙ ቀስ በቀስ ከቀሪው ወደ ሙሉው ወረቀት ተላለፈ። ብሪታንያውያን በ«ኤክስቼከር» አምሳል አጻጻፉን ለወጡት፤ አሜሪካኖች በቀድሞው ጸኑ።

እኛ ዘንድ ወረቀቱ ከነስሙ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ቼክ በዝርዝር ደነገገ፤ የወንጀል ሕጋችንም የሚያዝበት ገንዘብ ሳይኖረው ቼክ የሚያወጣን ሰው ይቀጣል። ነጋዴው እንዲህ ያለውን ወረቀት «ደረቅ ቼክ» ይለዋል፤ የትኛውም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያልሰጠው የእኛው ስም ነው።