ዘግይቶ የመጣ ዜማና ተረስቶ የተገኘ ዜማ

አባት በጎልማሳነቱ ዘመን የወደደውን ዘፈን ልጆቹ ከደጅ ሆነው ቢሰሙት እንኳ ወዲያው ይለዩታል። ያው ዘፋኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያወጣውን አዲስ ሥራ ግን አባትም ልጅም አያዳምጡትም። አባት፥ «የዱሮው ይሻላል» ይላል፤ ልጅ ደግሞ፥ «ይህስ የሽማግሌዎች ነው» ይላል። ስለዚህ ሰው በዕድሜው ብዙ አይቶ፥ ብዙም ችሎ የሠራው ሥራ በሁለቱ መካከል ወድቆ ይቀራል። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን፥ ረጅም ዘመን የቈዩ ሙዚቀኞች ዘግይተው ያወጡአቸው አልበሞች ለቤተ ሰብ የሚነግሩት ቁም ነገር እንዳላቸው በጥቂቱ ልናስረዳ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሮላንድ ኦርዛባልና ከርት ስሚዝ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባለው ከተማ በልጅነታቸው የተዋወቁ ባልንጀሮች ናቸው። ቲርስ ፎር ፊርስ በሚል ስም ተባብረው በ1985 ዓ.ም. ባወጡት አልበም ዝናቸው በዓለም ተሰማ። ከዚያ በኋላ ተለያዩ፤ ደግሞም ታረቁና በ2004 ዓ.ም. አንድ አልበም አወጡ። ለሚቀጥለው ሥራቸው ግን የዘመኑን ጣዕም ያውቃሉ የተባሉ ሌሎች የዘፈን ደራሲዎች አብረዋቸው እንዲሠሩ ተደረገ፤ የተገኘውም ሥራ ለራሳቸው ደስ አላሰኛቸውም። በዚህም መካከል፥ በ2017 ዓ.ም. ኦርዛባል በወጣትነቱ ያገባት ሚስቱ ሞተችበት። በመጨረሻ ሁለቱ ወዳጆች እንደ ልጅነታቸው ጊታራቸውን ይዘው ለብቻቸው ተቀመጡና ሥራውን እንደ ገና ጀመሩ። ዘ ቲፒንግ ፖይንት የተባለው አልበም በየካቲት ወር 2022 ዓ.ም. ሲወጣ፥ ከፊተኛው ጋራ ያለው ርቀት ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ሆኖ ነበር። ለአልበሙ ስሙን የሰጠው ዘፈን፥ በሕክምና ቤት በሕይወትና በሞት መካከል ያለችውን ሚስቱን ተቀምጦ የሚጠብቅ ባል የሚያየውን የሚናገር ነው። የታመመ ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህን ዘፈን ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

ዘ ኪዩር የሚባለውም የሙዚቃ ጓድ እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር ከክሮሊ ከተማ ተነሥቶ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1979 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. አንድ አልበም ካወጣ በኋላ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል አዲስ አልበም ሳይሰጥ ቈየ። መሪው ሮበርት ስሚዝ በዚህ ዘመን ውስጥ እናቱን፥ አባቱንና ታላቅ ወንድሙን ቀበረ። በኅዳር ወር መጀመሪያ 2024 ዓ.ም. የወጣው አልበም ስሙ ሶንግስ ኦቭ ኤ ሎስት ወርልድ፥ ማለት የጠፋ ዓለም ዘፈኖች ነው። በውስጡ ካሉት ስምንት ዘፈኖች አንዱ ስለ ወንድሙ ሞት የተዘፈነ ነው። በአገራችን ሙሾ አውራጅ የሟቹን ሥራና ወገን እየጠራች ለቀስተኛውን ታስለቅሳለች፤ ስሚዝ ግን የተናገረው ጥቂት ነው፥ ኀዘኑን የሚሸከምለት መሣሪያው ነው። በመጀመሪያው ዘፈን የሰው ድምፅ የሚሰማው ሙዚቃው ብቻውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ከሄደ በኋላ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ድምፁ ሳይመጣ ይዘጋዋል፤ የታገሠ ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ሰው ይሆናል። ይህ አልበም በወጣበት ሳምንት በእንግሊዝ አገር ከሁሉ በላይ አንደኛ ሆነ።

ሦስተኛው ደግሞ የባልና የሚስት ሥራ ነው። ትሬሲ ቶርንና ቤን ዋት በሐል ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው ኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርል በሚል ስም አብረው ዘፈኑ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። ከ1999 ዓ.ም. በኋላ አብረው እየኖሩ የጋራ ሙዚቃቸውን ተዉት፤ እያንዳንዳቸውም ለብቻቸው ይሠሩ ነበር። በ2020 ዓ.ም. ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ዋት ከዚህ ቀደም በጽኑ ሕመም የተጐዳ ስለ ሆነ ከሰው ተለይቶ መቈየት ግድ ሆነበት። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ በ2021 ዓ.ም. ወደ ጋራ ሥራቸው ተመለሱ። የቀድሞው ስም እንዳያስፈራቸውም ሥራቸውን በፊተኛው ስም አልጠሩትም፤ ከሁለቱ ስሞች ፊደል ለቅመው ትሬን አሉት። ፊውዝ የተባለው አልበም በ2023 ዓ.ም. ሲወጣ ከፊተኛው ጋራ ያለው ርቀት ሃያ አራት ዓመት ያህል ሆኖ ነበር። የቶርን ድምፅ ከዱሮው ወርዶ ወፍሮአል፤ ይህም ጉድለት ሳይሆን ያደገ ዕንጨት ጥላ እንደሚሰፋ ያለ ነገር ነው። «የቈየ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለነዚህ ሁለቱ ሳይጨመር ሳይቀነስ ደረሰላቸው።

ይህን ሁሉ ስንናገር ከእንግሊዞቹ ጋራ የሚቈጠር የራሳችን ሰው እንዳለ አልዘነጋንም። አቶ ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋራ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሲጫወት የኖረ፥ በ1977 ዓ.ም. ቸ በለው የተባለውን ሸክላ ያወጣ ሙዚቀኛ ነው። በ1981 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋራ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1985 ዓ.ም. በወጣትነቱ የተማረውን አኮርዲዮን ከዘመኑ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋራ አስማምቶ፥ ሁሉን ለብቻው ተጫውቶ፥ ሸሞንሟናዬ የተባለውን ካሴት ሠራ። ካሴቱ በጊዜው በአገር ልጆች ዘንድ ተሰማ፤ ከዚያም በየቤቱ ሣጥን ገብቶ ተረሳ። አቶ ኃይሉም በዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ቢሆንም መሣሪያውን በመኪናው ውስጥ ይዞ፥ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ እጁን ያፍታታ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ያን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና አሳተመው። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ባለ ታክሲው በኤውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ላይ ቆመ፤ በ2018 ዓ.ም. ላላ በሉን፥ በ2020 ዓ.ም. የኔ ምርጫን አወጣ። ተሳፋሪ እየጠበቀ ያፍታታው እጅ ባይኖር ኖሮ ካሴቱ በተገኘ ጊዜ የሚጫወት ሰው ባልተገኘም ነበር።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ የምንመክረው ቀላል ነገር ነው። አንድ ምሽት ምረጡና ከነዚህ አልበሞች አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ ሳትዘሉና ሳታቋርጡ አብራችሁ ስሙ፤ የዘ ኪዩር ሥራ እንኳ አንድ ሰዓት አይሞላም። ልጅ አዲሱን በስልኩ ፈልጎ ለአባቱ ያሰማ፤ አባትም በሣጥን ያኖረውን ካሴት ያውጣ። ብዙ ዓመት የተቀመጠ ካሴት ከመሰማቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢጠመጠም መልካም ነው፤ ከፀሐይና ከርጥበትም ይጠበቅ፤ ከተሰማም በኋላ ቅጂ ይወሰድለት። ከዚያ ሣጥን ውስጥ የሚወጣው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና፥ ሳይሰማ አይጣል። እናት ወይም አባት፥ «ይህን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው» ብለው ታሪኩን መናገር ሲጀምሩ፥ ልጆች ሆይ፥ ድምፁን ቀነስ አድርጉና አዳምጡአቸው።